የዘማሪን ሕይወትና አገልግሎት መሰነድ፦ ከካሴቱ መጀመር

የአንድን አንጋፋ ዘማሪ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ስልክ ደውሎ ቀጠሮ መያዝ ነው። ዘማሪው ይቀመጣል፣ ሁለት ሰዓት ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ለዓመታት በየመድረኩ ያካፈለውን ምስክርነት ነው። ምስክርነት የራሱ አካሄድ አለው፤ ድሮ እንዲህ ነበርኩ፣ ጌታ አገኘኝ፣ አሁን እንዲህ ሆንኩ ይላል። ዓመተ ምሕረት፣ አኮርዲዮን የተጫወተው ልጅ ስም፣ ካሴቱ የተቀዳበት ቤት እዚያ ውስጥ አይገቡም። ጸሐፊው ያንኑ ገልብጦ «የሕይወት ታሪክ» ሲለው ስንት ካሴት እንደወጣ፣ የትኛው እንደቀደመ፣ ግጥሙን ማን እንደደረሰ ሳይታወቅ ይቀራል። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚጠይቁትም ጠፍተዋል።

ከዚህ የሚያድነው ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ካሴቶቹ፣ ቀጥሎ ወረቀቱ፣ ከዚያ ሰዉ። ይህ የማይሠራው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ዘማሪው በዕድሜ ከገፋ ወይም ከታመመ ሁሉንም ትታችሁ ነገውኑ ሂዱና ድምፁን ቅዱ።

እዚህ የተጻፈው ከ1960ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ባለው ጊዜ በካሴት ያገለገሉ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘማሪያንን ታሪክ ለሚሰንዱ ነው። ለመዘምራን ኅብረትም ይሠራል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሥራቸው በአብዛኛው ዩቲዩብ ላይ ስላለ ችግራቸው ሌላ ነው።

ካሴቶቹን መሰብሰብ

ከእያንዳንዱ ካሴት ቢያንስ ሦስት ቅጂ ፈልጉ። በደርግ ዘመን ብዙው መዝሙር የተሰራጨው ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተባዛ ነው። በተባዛ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፤ ክሩ ራሱ የሚያወጣው ሽሽታ ይጨምራል፤ ፍጥነቱም ትንሽ ትንሽ ይዛባል። ሌላም ጉዳት አለ፤ አባዢዎች ካሴቱ መጨረሻ ላይ ቦታ ሲተርፋቸው የሌላ ዘማሪ መዝሙር ይጨምሩ ነበር። ዛሬ በስህተት «የእገሌ መዝሙር» የሚባሉት ብዙዎቹ የመጡት ከዚህ ነው። አንድ መዝሙር በአንድ ቅጂ ብቻ፣ ያውም በሳይድ ቢ መጨረሻ ላይ ከተገኘ፣ ሌላ ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ የዘማሪው ነው ብላችሁ አትመዝግቡ።

የት ይገኛሉ? ቤተሰቡ ዘንድ ያለው አንዳንዴ ከሁሉም የባሰ ነው፤ በጣም የተደመጠው እሱ ነውና። የተሻሉ ቅጂዎች ያሉት የቀድሞ መዘምራን ቤት፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፣ ካሴት ይሸጡ የነበሩ ሰዎች ያስቀሩት ካርቶን ውስጥ፣ እንዲሁም ውጭ አገር ነው። በሱዳንና በኬንያ በኩል ከወጡት ብዙዎቹ ካሴት ይዘው ነበር የወጡት፤ አሜሪካና አውሮፓ ከደረሱ በኋላ ሲዲ ተተካና ካሴቱ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ይዞ ለሚመጣ ሰው በእጅ ሻንጣ እንዲያደርገው ንገሩት። የአውሮፕላን ማረፊያ የኤክስሬይ ፍተሻ የካሴትን ድምፅ አይነካም፤ ሰዉ የሚፈራው በከንቱ ነው። የሚጎዳው ማግኔት ነው፤ ስለዚህ ከድምፅ ማጉያ አጠገብ አይቀመጥ።

ካሴቱ እጃችሁ እንደገባ ከማጫወታችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። በላይኛው ጠርዝ በኩል ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ እነሱ ካሉ በስህተት የመቅጃው ቁልፍ ሲጫን ያለው ድምፅ ይጠፋል። የሽፋኑን ገጾች በሙሉ፣ የካሴቱን ሁለት ጎንና በእጅ የተጻፈ ነገር ካለ እሱንም ፎቶ አንሱ፤ ስካነር ካለ ሽፋኑን በ300 ዲፒአይ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ካሴት ተራ ቁጥር ስጡና ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ጻፉ። አዲስ ተለጣፊ አትለጥፉ፤ ማጫወቻው ውስጥ ይላጥና ይጠመጠማል።

ዓመቱን ማወቅ

ብዙ ሽፋን ላይ ዓመት የለም። ካለም የማን አቆጣጠር እንደሆነ አይጻፍም። ይህ ቀላል ጉዳይ ይመስላል እንጂ ታሪኩን የሚገለብጠው እሱ ነው። «1983» የሚል ካሴት ኢትዮጵያ ውስጥ ታትሞ ከሆነ ደርግ የወደቀበት ዓመት ነው፤ ግንቦት 20 ቀን 1983 ያለችበት። አሜሪካ ውስጥ ታትሞ ከሆነ ግን በእኛ 1975 ወይም 1976 ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው አማኙ በየቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚዘምርበት ጊዜ። አንዱ ካሴት ከፍርሃት በኋላ የወጣ ይሆናል፣ አንዱ በፍርሃት መሃል። ስለዚህ በማስታወሻችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁም የጥያቄ ምልክት አድርጉ፣ በግምት አትቀይሩ።

ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ (የፈረንጆች ታኅሣሥ 31 እስኪያልቅ) 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ትደምራላችሁ። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት በእዝባር ጻፉ፤ 1985 ዓ.ም. ማለት 1992/93 ነው።

ዓመት ያልተጻፈበትን ሽፋን የሚያናግሩት ሌሎች ምልክቶች ናቸው። ከሁሉ የሚረዳው ስልክ ቁጥሩ ነው። የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥሮች መስከረም 1998 ላይ ተለውጠው አዲስ አበባ 011 ተጨመረላት፤ ባለ ስድስት አሃዝ የአዲስ አበባ ቁጥር የታተመበት ሽፋን ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ነው። የሞባይል ቁጥር ካለውማ ከ1990ዎቹ አይቀድምም። ሽፋኑ ላይ የአቀናባሪ፣ የሚክሲንግና የማስተሪንግ ባለሙያ ስም ተለይቶ መዘርዘር የመጣው ከስቱዲዮዎች መበራከት ጋር ነው፤ የድሮዎቹ ከዘማሪው ስምና ከአንድ ጥቅስ አያልፉም። ሲዲ ሲሆን ደግሞ የመሃሉን ቀለበት በመብራት ተመልከቱ፤ አይኤፍፒአይ ብሎ የሚጀምር በጣም ደቃቅ ኮድ ካለው በፋብሪካ የታተመ፣ ከ1994 እ.ኤ.አ. ወዲህም የተመረተ ነው። ጀርባው ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ በኮምፒውተር የተባዛ ስለሆነ ስለ ዓመቱ ምንም አይነግራችሁም።

ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ

መሣሪያው ውድ መሆን የለበትም፤ ትክክለኛው ዓይነት መሆን ግን አለበት። የሚያስፈልገው ከቤት ስቴሪዮ ጋር የሚገጠም፣ ከኋላው ቀይና ነጭ የአርሲኤ መውጫ ያለው ዴክ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካውን ትንሹን ማጫወቻ ተዉት፤ ሞተሩ ደካማ ስለሆነ ፍጥነቱ ይዋዥቃል፣ የተዋዠቀ ድምፅ ደግሞ በኋላ አይስተካከልም። ከዴኩ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ የድምፅ ካርድ ያስፈልጋል፤ ሽቦው መሰካት ያለበት ላይን የሚለው ቀዳዳ ላይ ነው። ማይክራፎን የሚለው ላይ ከተሰካ ድምፁ ይሰነጠቃል።

ከየአምስቱ ካሴት በኋላ ሄዱን፣ ማለትም ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን የዴኩን ክፍል፣ አጽዱ። ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨትና 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል ተጠቀሙ። የፋርማሲው 70 ከመቶ ቀሪው ውሃ ስለሆነ አይመረጥም፤ ሌላ ከጠፋ ግን ጠርጋችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ጥቁሩን የጎማ ሮለር በአልኮል አትንኩት፤ ጎማው ይደርቅና ክሩን ማንሸራተት ይጀምራል። ለእሱ በሳሙና ውሃ የረጠበ ጨርቅ ይበቃል። ጥጡ ላይ ቡናማ ዱቄት በብዛት ከወጣ ካሴቱ እየረገፈ ነው ማለት ነው፤ ያን ካሴት አንዴ ብቻ ነው ልታጫውቱት የምትችሉት፣ ስለዚህ ሌላው ሁሉ መዘጋጀቱን ሳታረጋግጡ አታስገቡት።

ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት ክሩ በአንድ በኩል ጠብቆ፣ በሌላ በኩል ላልቶ ይገኛል። ከማጫወታችሁ በፊት ሳይድ ኤን እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት። በካሴቱ መስኮት በኩል ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ካያችሁ ግን አታጠንጥኑ፣ አታጫውቱም። በወረቀት ከረጢት ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ሻጋታው በሄዱ በኩል ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይተላለፋል፣ ለሳንባም ጥሩ አይደለም። ባለ 120 ደቂቃ ካሴት ክሩ ስስ ስለሆነ በፍጥነት ሲጠነጠን ይለጠጣል፤ እሱን በመደበኛ ፍጥነት እያጫወታችሁ አሳልፉት።

ድምፁ ታፍኖ ወይም ገብቶ እየወጣ ከመጣ መጀመሪያ ካሴቱን ገልብጣችሁ የክሩ መውጫ መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ ፈልጉ። የመዳብ መሳይ ስፕሪንግ ላይ የተለጠፈች ናት፤ ሙጫዋ ሲያረጅ ትወድቃለች። ያለ እሷ ክሩ ሄዱን በደንብ አይነካም። መፍትሔው በአምስት ብሎን የሚፈታ ማንኛውንም ርካሽ ካሴት ከፍቶ ክሩን ከተጠቀለለባቸው ሁለት ጎማዎች ጋር ወደዚያ ማዛወር ነው። ብሎን የሌለው፣ በሙቀት የተጣበቀው ዓይነት ግን ስፌቱን በስለት ከፍቶ ክሩን ማውጣት ይጠይቃል፤ እጃችሁን መጀመሪያ በማይጠቅም ካሴት ላይ አለማምዱ። የተቆረጠ ክር የሚቀጠለው ለካሴት ስፋት፣ ማለትም ለ3.81 ሚሊሜትር በተዘጋጀ ፕላስተር ነው። ስኮች ፕላስተር ሙጫው ይወጣና ከላይ ያለውን ድርብ አብሮ ያጣብቃል፤ የብዙ ካሴት መጨረሻ ይህ ነው።

ስፖንጇም ሄዱም ደህና ሆነው ድምፁ ከታፈነ የሄዱ አቀማመጥ ካሴቱን ከቀዳው ማሽን ጋር አልገጠመም። ከሄዱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ድምፁን ወደ ሞኖ ቀይራችሁ፣ በትንሽ ፊሊፕስ ብሎን መፍቻ ሩብ ዙር እንኳ ሳትሞሉ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ «ሰ» እና «ሸ» ከሁሉ ጎልተው የሚሰሙበት ላይ አቁሙ። ይህ ለእያንዳንዱ ካሴት መደገም አለበት። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ኋላ በኮምፒውተር ከሚደረገው ማጥራት ሁሉ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው።

ሽፋኑ ላይ ዶልቢ (ሽሽታ መቀነሻ ዘዴ ነው) ካላለ የዴኩን ዶልቢ አጥፉት፤ አገር ቤት የተባዛ ካሴት በዶልቢ የተቀዳበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፣ በስህተት ከበራም ድምፁን ያፍነዋል። ለመቅዳት ኦዳሲቲ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። በዌቭ ፋይል፣ በ24 ቢትና በ48 ኪሎሄርዝ ቅዱ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ 6 ዲሲቤል ዝቅ ብሎ ይቆይ። አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት በዚህ መጠን 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ መቶ ካሴት ቢሆን 104 ጊጋ። ዛሬ ትንሽ ዲስክ ላይ ስለሚገባ በኤምፒ3 ለመቅዳት ምክንያት የለም። ኤምፒ3 ለመላኪያ ከዌቩ ይወጣል፤ ከኤምፒ3 ግን ዌቭ አይመለስም።

በፕሮግራሙ ሽሽታውን አጥርታችሁ ኦሪጅናሉን የምታጠፉ ከሆነ ባትጀምሩት ይሻላል። ማጥሪያው ከሽሽታው ጋር ጭብጨባውን፣ የምእመኑን «አሜን»፣ የክፍሉን ድምፅ ይወስዳል። መዝሙሩ ስቱዲዮ ይሁን ሳሎን ውስጥ የተቀዳ መሆኑን የሚነግረን ያ ነበር። ሁልጊዜ ሁለት ፋይል ይኑራችሁ፤ ያልተነካውና የጠራው።

ፍጥነቱ ተዛብቶ ቢገኝስ

የቤት ካሴቶች ላይ ዘማሪው እንደ ልጅ በቀጠነ ድምፅ ሲዘምር ይሰማል። ልጅ ስለነበረ ላይሆን ይችላል። ድንጋዩ እያለቀ ባለ ቴፕ ሲቀዳ ሞተሩ ዘግይቶ ይሽከረከራል፤ ያን በትክክለኛ ፍጥነት ስታጫውቱት ድምፁ ፈጥኖና ቀጥኖ ይወጣል። መለኪያው ሁለት ነው።

በመብራት በሚሠራ ቴፕ የተቀዳ ከሆነ የመብራቱ እምም የሚል ድምፅ አብሮ ይቀዳል፤ የእኛ አገር መብራት 50 ሄርዝ ነው። በኦዳሲቲ ዝምታ ያለበትን ቦታ መርጣችሁ የድምፁን ስፔክትረም (በየትኛው ሄርዝ ላይ ምን ያህል ድምፅ እንዳለ የሚያሳየውን ሥዕል) አውጡ። እምታው 52 ላይ ከታየ ካሴቱ በ4 ከመቶ ፈጥኗል፤ ፍጥነቱን ወደ 96.15 ከመቶ አውርዱት። ነገር ግን የራሳችሁ ዴክም እምታ ሊኖረው ይችላል፤ ካሴቱ ሲቆም የማይጠፋው የእናንተው ነው፣ እሱን አትለኩ።

እምታ ከሌለ በመሣሪያው ለኩ። ኪቦርድና አኮርዲዮን ቅኝታቸው ስለማይንሸራተት ይታመናሉ። ጊታር አይታመንም፤ በዚያን ዘመን በየሰፈሩ ጊታር የሚቃኘው በዘማሪው ድምፅ ልክ ነበር። አንድ ግማሽ ድምፅ ወደ 6 ከመቶ የፍጥነት ልዩነት ነው። መሣሪያው በሁለት ግማሽ ድምፆች መሃል ላይ ከቆመና የትኛው እንደሆነ መወሰን ካልቻላችሁ ሳታስተካክሉ ተዉትና ጻፉት። ዘማሪው ሲመጣ እሱ ይወስናል፤ መዝሙሩን በየትኛው ድምፅ ይዘምረው እንደነበር አብዛኞቹ አይረሱም።

የመዝሙሮቹ መዝገብ

ሁሉም ካሴት ከተገለበጠ በኋላ አንድ ሰንጠረዥ ክፈቱ። በእያንዳንዱ መስመር አንድ መዝሙር ይግባ፤ የመጀመሪያው ስንኝ፣ አዝማቹ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ርዕስ፣ የካሴቱ ተራ ቁጥርና ሳይድ፣ ደቂቃው፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ መሣሪያዎቹ። ርዕስ ብቻ መመዝገብ አያዋጣም፤ አንዱ ሽፋን አዝማቹን፣ ሌላው የመጀመሪያውን ስንኝ ርዕስ ያደርገዋል፣ ስለዚህ አንድ መዝሙር ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

ቅኝቱን የሚያውቅ ሰው ካለ ይጻፍ። አንድ የተለመደ ስህተት ብቻ እንጠቁም፦ በዶ የተቃኘ አምባሰል (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) እና በፋ የተቃኘ ትዝታ ማይነር ያሏቸው ድምፆች አንድ ናቸው። ኪቦርድ ላይ አምስቱን ቁልፍ ለይቶ «አምባሰል ነው» ማለት አይበቃም፤ ስንኙ የት እንደሚያርፍ መስማት ያስፈልጋል።

ግጥምና ዜማ የሚለው ዓምድ ላይ ጠንከር በሉ። ዘማሪው መጀመሪያ ቀዳው ማለት እሱ ደረሰው ማለት አይደለም። በዚያን ጊዜ መዝሙር ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ በቃልና በመዝሙር ደብተር ይዞር ነበር፤ በአንድ የገጠር ከተማ መዘምራን የተደረሰ መዝሙር አዲስ አበባ ደርሶ በሌላ ሰው ስም ካሴት ላይ ወጥቷል። ማንም ሊሰርቅ አስቦ አይደለም፤ ስም መጻፍ ልማድ አልነበረም፣ በዘመኑ ደግሞ ስም መጻፍ አደጋ ነበረው። ዓምዱን ባዶ መተው ነውር የለውም። በግምት መሙላት ግን የሌላን ሰው ሥራ መውሰድ ነው፤ ጉዳዩ ኋላ ቤተሰብ ለቤተሰብ ያጣላል። የድሮ መዝሙር ደብተሮችን ፎቶ አንሱ፤ ዳር ላይ «ከእገሌ የተገኘ፣ ሐዋሳ» የሚል አንድ መስመር አንዳንዴ የካሴቱ ሽፋን የማይነግራችሁን ይነግራችኋል።

እንግዲህ ሰዉን ጠይቁ

አሁን ዘማሪው ፊት ስትቀርቡ ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። ካሴቶቹ በቅደም ተከተል ተደርድረዋል፣ ያልታወቀውም ተለይቷል። ከአንድ ሰዓት ተኩል የሚረዝም ቆይታ አትያዙ፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀን መመላለስ ይሻላል፣ በመሃሉ ያስታውሳሉና። የመጀመሪያውን ምስክርነት ሳታቋርጡ ስሙት፤ ካልተናገሩት ሌላው አይመጣም። መቅጃውን ከደረታቸው ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ርቀት አስቀምጡ፣ ፍሪጁን ንቀሉ፣ ሲጨርሱ መልሳችሁ መሰካቱን እንዳትረሱ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ መያዝ ዝናቡን መቅዳት ነው፤ ጠዋት ይሁን።

ከዚያ መዝሙሮቹን አንድ በአንድ አጫውቱላቸው። «ይህን መቼ ዘመሩት?» ብሎ መጠየቅ ፋይዳ የለውም፤ «ኧረ ቆየ» ነው መልሱ። ዓመትን በክስተት ጠይቁ፦

«ጋሼ፣ ይህ ሲቀዳ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ተወርሶ ነበር?» ጣቢያው የተከፈተው የካቲት 1955፣ የተወረሰው መጋቢት 1969 ነው።

«ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሄደው ነበር ያኔ?» ከሆነ ከታኅሣሥ 1967 በኋላ ነው።

«ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከተወሰዱ በፊት ነው በኋላ?» የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና የተወሰዱት ሐምሌ 21 ቀን 1971 ነው።

«እትዬ፣ የበኩር ልጅዎ ተወልዳ ነበር?» ይህ ከሁሉ የበለጠ ይሠራል፤ የልጅ ዕድሜ አይሳሳትም።

ከደርግ ዘመን ዘማሪያን ጋር ስትሆኑ ለእያንዳንዱ መዝሙር ሦስት ጊዜ ለያይታችሁ ያዙ፤ የተደረሰበት፣ በጉባኤ መጀመሪያ የተዘመረበት፣ የተቀዳበት። ተስፋዬ ጋቢሶን የመሰለ፣ ለሰባት ዓመት ገደማ የታሰረ ዘማሪ ሕይወት ውስጥ እነዚህ ሦስቱ በዓመታት ሊራራቁ ይችላሉ። አንድ «ዓመት» የሚል ዓምድ ብቻ ካላችሁ እስር ቤቱ ከታሪኩ ይጠፋል። የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ሰው ከሆኑ ደግሞ ስደቱ ከደርግ በፊት፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ እንደጀመረ አስታውሱ፤ «ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ» ሲሉ የትኛውን መዘጋት ማለታቸው እንደሆነ ጠይቁ።

ስለ እስር፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን መከፋፈል፣ ስለ ትዳር የሚነገረው ሲመጣ መቅጃው ክፍት መሆኑን አስታውሷቸው። «ይህ ለእናንተ ብቻ» ያሉትን ወዲያውኑ በሰዓቱ ምልክት አድርጉበት፤ ከወር በኋላ የትኛው እንደነበር ማንም አያስታውስም። ሌሎች የሚነሱበት ወሬ፣ በተለይ «ማን ጠቆመ» የሚለው፣ ሌላው ወገን ሳይሰማ ጽሑፍ ውስጥ አይገባም።

ሙዚቀኞቹን ለየብቻ አነጋግሩ። ቤዝ የተጫወተው ሰው ከዘማሪው የተሻለ ያስታውሳል፤ መሣሪያው የማን እንደነበር፣ ስንት ሌሊት እንደፈጀ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱ ላይ ምን እንደተሰቀለ። በአንድ ቦታ ሰብስቦ መጠየቅ ስህተት ነው፤ ታላቁ የተናገረውን ሌሎቹ ያጸድቁታል፣ ሦስት ምስክር ያላችሁ ይመስላችኋል እንጂ አንድ ነው ያላችሁ። የማይስማሙበትን ነገር ሁለቱንም ጻፉ፣ ከነተናጋሪው ስም።

ወረቀት ከተገኘ ግን ከትውስታ ይቀድማል። የአጥቢያ ቃለ ጉባኤ፣ የመዘምራን ስም ዝርዝር፣ የጉባኤ ፕሮግራም፣ ከጀርባው ቀን የተጻፈበት ፎቶ። የመዘምራን የደንብ ልብስም ይጠቅማል፤ ልብሱ የተለወጠበትን ዓመት ከአንድ ፎቶ ካወቃችሁ የሌሎቹን ፎቶዎች ዓመት በእሱ ትገምታላችሁ። የነገረ መለኮት ኮሌጆች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተማሪዎች ስለ መዝሙር የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች መኖራቸውንም ጠይቁ።

መጻፍ

ስሙን ዘማሪው ራሱ በሚጽፍበት ፊደል ጻፉ፤ ጸ ወይም ፀ፣ ሀ ወይም ሐ። ሽፋኖቹ ላይ በሌላ ፊደል ከታተመ እሱንም አንድ ቦታ ላይ አስፍሩት፣ ፈላጊ እንዲያገኘው። «ተወዳጁ»፣ «ዘመን ተሻጋሪው» የሚሉትን አውጡ። ቦታቸውን ተጨባጭ ነገር ይያዘው፦ ይህ መዝሙር ሳይታተም በስንት አጥቢያ መዝሙር ደብተር ውስጥ ተገኘ፣ በስንት ቋንቋ ተዘመረ። በኦሮምኛ፣ በወላይትኛ ወይም በሲዳምኛ ተደርሶ ወደ አማርኛ የመጣ ከሆነ መጀመሪያው ቋንቋ ይጻፍ፤ በአማርኛ ካሴት ስለታወቀ ብቻ የአማርኛ አይሆንም። የካሴቶቹ ዝርዝር በመጨረሻ ይግባ፣ ያልተገኘው ካሴትም ጭምር። «ቁጥር 2 አልተገኘም» የሚል መስመር ካለ ካሴቱን የያዘ ሰው ይደውላል።

መብትና ማስቀመጫ

ለማስቀመጥ መገልበጥ አንድ ነገር ነው፣ ዩቲዩብ ላይ መጫን ሌላ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ የግጥምና የዜማ ደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ዘማሪውና ያሳተመው ሰውም የየራሳቸው የ50 ዓመት መብት አላቸው። ስለዚህ ዘማሪው «ጫኑት» ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ ደራሲው ወይም ወራሾቹ፣ አሳታሚውም መፈረም አለባቸው። ፈቃዱ በአንድ ገጽ ወረቀት ይሁን፦ የትኞቹ መዝሙሮች፣ የት እንደሚጫኑ፣ ገቢ ቢገኝ ለማን እንደሚሆን፣ ቃለ መጠይቁን ማን ሊሰማው እንደሚችል። የገቢውን ጉዳይ «በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ኋላ ላይ ሰዎች የሚካሰሱበትም እሱ ነው።

ፋይሎቹ በሦስት ቅጂ ይቀመጡ፤ ሁለቱ በተለያየ ዲስክ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር። ዲስክ ሳያስጠነቅቅ ስለሚሞት በየዓመቱ ከፍታችሁ አጫውቱ፣ በየአምስት ዓመቱ ወደ አዲስ አዛውሩ። ካሴቶቹን አትጣሉ። እስከ መጨረሻ ተጠንጥነው፣ በሳጥናቸው ቆመው፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጡ፤ ጣሪያ ሥር ያለ ዕቃ ቤት ለዚህ አይሆንም፣ ቆላ ከሆነማ ጭራሽ። ከፋይሎቹ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱን ለአጥቢያው ስጡ፤ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን እና ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ደግሞ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። ስታስረክቡ ሰንጠረዡን በወረቀት አትማችሁ አያይዙ፤ ያለ ሰንጠረዡ መቶ ፋይል ለተቀባዩ መቶ ያልታወቀ ድምፅ ነው።